ሽማግሌ የተላከበት መጽሐፍ

ሀበሻ በሄደበት አገር ሁሉ በርበሬውን፣ ዕቁቡንና ሽማግሌውን አስከትሎ ይሄዳል። በርበሬው ያልቃል፤ ዕቁቡም አንድ ቀን ተኳርፎ ይበተናል። ሽማግሌው ግን አያልቅም፣ አይበተንም፣ ጡረታም አይወጣም። ሀበሻ ባለበት ከተማ ሁሉ ቢያንስ አንድ አለ። ባልና ሚስት ድምፃቸውን ትንሽ ከፍ ያደረጉ እንደሆነ ኮሪደሩ ላይ ኮቴው ይሰማል። ማንም አልጠራውም። «እንዲያው በዚህ ሳልፍ» ይላል፤ የሰዎቹ ቤት ግን አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ነው።

የአቡ ዳቢው አቶ ይልማ ይባላሉ። ሙሉ ማዕረጋቸው ክቡር ሊቀ ሽማግሌ ይልማ፣ አስታራቂና አማላጅ፣ የአቡ ዳቢና የአል ዓይን፣ በመካከሉ ያለው የስዌይሃን በረሃም ጭምር ነው። ማዕረጉን የሰጣቸው ሰው የለም፤ የነፈጋቸውም የለም። ቀን ቀን በአንድ አየር መንገድ የጭነት ክፍል ተቆጣጣሪ ናቸው፤ ይኸ ግን እንጀራቸው ነው እንጂ ሥራቸው አይደለም። ሥራቸው ሽምግልና ነው። «ሽማግሌ ያልገባበት ነገር አይጸናም» ይላሉ፤ ያልገቡበት ነገር ስለሌለ አባባሉን ፈትኖ ያየው ሰው የለም።

አንድ ጊዜ የተጣሉ ባልና ሚስት ሊያስታርቁ ሲሄዱ፣ ሰዎቹ ቀድመው ታርቀው ፊልም ሲያዩ ደረሱባቸው። አቶ ይልማ በጣም አዘኑ። «እንዲህ ያለ እርቅ መሠረት የለውም» ብለው ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀመጧቸው። ማን ማንን ቀድሞ ይቅርታ እንደጠየቀ ሲያጣሩ ሰዎቹ እንደ አዲስ ተጣሉ። ይኼኔ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ እንደ ወጉ፣ አስታረቋቸው።

የማቲያስ መንጃ ፈቃድ ጉዳይም አለ። ማቲያስ ፈተናውን ደጋግሞ ወድቆ ተስፋ ሲቆርጥ፣ አቶ ይልማ ሽማግሌዎች ይዘው ወደ ፈታኙ ሄዱ። ፈታኙ ሊፈተኑ የመጡ መስሎት ተራ ቁጥር ሰጣቸውና እንዲቀመጡ ነገራቸው። ሽማግሌ ደግሞ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፤ ሕጉ ነው። ቢሮው እስኪዘጋ ቆሙ። ማቲያስ በቀጣዩ ፈተና አለፈ። ያለፈው ስለተለማመደ ነው፤ አቶ ይልማ ግን ዛሬም መኪናው ውስጥ በገቡ ቁጥር «ይቺን መሪ ያስጨበጥሁህ እኔ ነኝ» ይሉታል።

ሳምራዊት ደግሞ መሥሪያ ቤቷ የዓመት ፈቃድ ሲከለክላት ለእሳቸው የተናገረችው እንዲያው ሆዷ ሲብሳት ነበር። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ተደርድረው ቆመዋል። ጸሐፊዋ መጀመሪያ ወንበር አመጣች፤ ቀጥላ ውሃ አመጣች፤ ቀጥላ ጥበቃ ጠራች። ጥበቃው ኔፓላዊ ነበር፤ አዛውንቶች ቆመው ሲያይ ነውር መሰለውና እሱም ከጎናቸው ቆመ። ፈቃዱ ተሰጠ። ሳምራዊት አገር ቤት ደርሳ እስክትመለስ ድረስ ከአፍረቷ የተነሳ ስልኳን አላበራችም።

የአቶ ይልማ አንደኛው መሣሪያ «ለእኔ ስትሉ» ነው። ይህን ሲሉ ራሳቸውን ዘንበል፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ የሰማ ሰው የእሳቸው ዕድሜ በሱ እሺታ ላይ የተንጠለጠለ ይመስለዋል። ሁለተኛው መሣሪያ ጉልበታቸው ነው። ነገሩ እምቢ ሲል አንድ እጃቸውን ወገባቸው ላይ ያደርጉና ቀስ እያሉ ሊንበረከኩ ይጀምራሉ። ጉልበታቸው ምንጣፍ ነክቶ አያውቅም። ከመንካቱ በፊት ሰውዬው ዘሎ ይይዛቸውና «ኧረ በሞቴ! እሺ ብያለሁ!» ይላል።

ምስጢራቸው ግን ሌላ ነው። ጉዳዩን አይጠይቁም። «ጉዳዩን ያወቀ ሽማግሌ ያዳላል» ይላሉ። ማን እንደ በደለ፣ ማን እንደ ተበደለ፣ ነገሩ ስለ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ገብተው ሳያውቁ ይወጣሉ። እምቢ ተብለውም አያውቁም።

ዲቦራ የምትኖረው መዲናት ዛይድ፣ ከወርቅ ገበያው ጀርባ፣ ከእኚህ ሰው ቤት አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ ነው። ሆቴል ውስጥ የክፍል ማስያዣ ኃላፊ ናት፤ ቀኑን «ባሕር የሚያሳየው አልቋል፤ መንገድ የሚያሳይ ልስጥዎት?» ስትል ትውልና ቤቷ ስትገባ ትስላለች። የምትስለው የልጆች መጽሐፍ ነው። «የፋንታዬ አርብ» ይባላል።

ፋንታዬ የእናቷ ታናሽ እህት ናት። ዲቦራ ልጅ ሳለች አክስቷ አል ዓይን ሰው ቤት ትሠራ ነበር፤ የምትወጣው አርብ ከሰዓት ብቻ ነው። ወላጆቿ ዲቦራን ከአቡ ዳቢ በአውቶቡስ ይዘዋት ይሄዱና፣ አክስትና የእህት ልጅ ኦአሲሱ ውስጥ በቴምሩ ጥላ ሥር፣ ፈለጅ የሚሉትን የውሃ ቦይ እየተከተሉ ይሄዳሉ። ውሃው የት እንደሚያድር ሊያዩ ነው። ፋንታዬ ማዳሟ የሰጠቻትን ሰማያዊ ዩኒፎርም እንደለበሰች ጫማዋን አውልቃ እግሯን ቦዩ ውስጥ ትነክርና፣ ስለ ውሃው የሌለ ታሪክ እየፈጠረች ታወራለች። መጽሐፉ ይኸው ነው፤ አንዲት ልጅ፣ አክስቷ፣ አንድ አርብ፣ ውሃ።

ፋንታዬ አሁን ደብረ ብርሃን ገብታለች። ስለ መጽሐፉ በስልክ ስትሰማ «እኔን? ከነዩኒፎርሜ?» ብላ ሳቀች፤ ብዙ ሳቀች። ሳቋ ሲያበቃ «በይ እንዳትቀይሪኝ» አለቻት። ዲቦራም እሺ አለች።

እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለትልልቅ አሳታሚዎች ለማድረስ ወኪል ያስፈልጋል። ወኪል በደራሲና በአሳታሚ መካከል የሚቆም ሰው ነው፤ ወኪል ለሌለው ደራሲ ብዙዎቹ በራቸውን አይከፍቱም። ዲቦራ ለቁጥር ለሚያታክቱ ወኪሎች ጻፈች። አንዱ «ሥዕሎችሽን ወደድኳቸው፤ የሚገባውን ያህል ግን አልወደድኳቸውም» ብሎ መለሰላት። አንዷ «አክስቲቱ ድመት ብትሆንስ?» አለች። የቀሩት ዝም አሉ፤ ድረ ገጻቸው ላይ «መልስ ካልሰጠን መልሳችን አይሆንም ነው» ተብሎ ተጽፏል።

የዲቦራ ስሕተት ይህን ሊፍት ውስጥ ለአቶ ይልማ መናገሯ ነው። «ምነው ፊትሽ ጠቆረ?» ሲሏት አመለጣት።

«ዝም ማለት እምቢ ማለት ነው?» አሉ፤ ሊፍቱ ፎቃቸው ላይ ሲከፈት በሩን በእግራቸው ያዙት። «እምቢ ለማለት እንኳ አፉን የማይከፍት! ይኸ ምን ዓይነት ወገን ነው? ለመሆኑ ወኪል የምትሉት ደላላ ነው?»

«አይ ጋሼ፣ ደላላ አይደለም። መጽሐፉን ይዞ አሳታሚዎቹ ጋ ይሄድና ተቀበሉኝ ብሎ የሚያግባባ፣ በኋላም ውሉን የሚያስማማ ነው።»

የአቶ ይልማ ፊት በራ። «ሽማግሌ ነዋ!»

«ሽማግሌ አይደለም፣ ጋሼ።»

«ሄዶ ይለምናል፣ ያግባባል፣ ያስማማል። ከዚህ ሌላ ሽማግሌ ምን ይሠራል? ልጄ፣ ለሽማግሌ በኮምፒውተር አይጻፍም። ለሽማግሌ ሽማግሌ ይላካል!» ሊፍቱ መጮህ ጀመረ። እሳቸው ግን እግራቸውን አላነሱም።

ያን ቀን «አስብበታለሁ» ብላ አመለጠች። ከዚያ ወዲያ ደረጃውን በእግሯ ስትወጣና ስትወርድ ከረመች፤ ለጤናዋም በጀ። እንዲህ ሳለች ናዲን የምትባል ወኪል መለሰችላት። ናዲን ዮርዳኖሳዊት ናት፤ አል ዓይን ትኖራለች፤ የልጆች መጻሕፍትን ለአረብኛና ለእንግሊዝኛ አሳታሚዎች ታቀርባለች። «መጽሐፍሽን አንብቤዋለሁ። ቅዳሜ ኦአሲሱ ውስጥ ካለው ካፌ እንገናኝ» ብላ ነበር የጻፈችው። ዲቦራ ኩሽናዋ ውስጥ ብቻዋን ጨፈረች። ደስታዋን የነገረችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለወይዘሮ ጣይቱ። ወይዘሮ ጣይቱ የአቶ ይልማ ባለቤት ናቸው። ምን ነክቷት እንደሆነ እግዜር ይወቅ።

በማግስቱ አቶ ይልማ በሯ ላይ ቆመው ነበር። «ሐጂ አደም እዚያው አል ዓይን ስለሆነ ይጠብቀናል። ሦስተኛ ገብረ ሥላሴን ይዣለሁ።»

«ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ይተዉኝ፤ ብቻዬን ልሂድ። የሥራ ስብሰባ እኮ ነው።»

«ስለ ራሷ ጉዳይ ራሷ የምትናገር ሙሽራ የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«እኔ ሙሽራ አይደለሁም!»

«መጽሐፍሽን ነው ያልኩት። በይ፣ ለእኔ ስትይ።»

ቅዳሜ ጠዋት አቶ ይልማ ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ በላዩ ላይ ኩታ ደርበው ወረዱ። አል ዓይን በዚያን ሰሞን እንኳን ኩታ ሸሚዝም ይከብዳል። «ኩታ ያልደረበ ሽማግሌ እንግዳ ነው» አሉና መኪናቸውን አስነሱ። አቶ ገብረ ሥላሴ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አቶ ገብረ ሥላሴ በየሽምግልናው ሦስተኛ ሰው ናቸው፤ የሦስተኛ ሰው ሥራ ደግሞ በየመሃሉ «እውነት ነው» ማለት ነው። ከዚህ ሌላ ሲናገሩ የሰማቸው የለም።

አቶ ይልማ መንገዱን በስዌይሃን አደረጉት፤ ዙሪያ ጥምጥም ቢሆንም ያሳለፉትን የድል ሜዳ ማሳየት ይወዳሉ። ግመሎቹ በአጥሩ ጥግ ተሰልፈው ሲሄዱ መስኮቱን አወረዱና «ያቺ እርሻ ትታይሻለች? እዚያ ጋ አንድ ሱዳናዊ ግመል ጠባቂን ከአሠሪው፣ ከካፊሉ ጋር አስታርቄያለሁ» አሏት።

«በምን ተጣልተው ነበር?»

«እኔ ምን አውቅልሻለሁ!» አሉ፤ ጥያቄው ገርሟቸው።

ሐጂ አደም ኦአሲሱ በር ላይ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው ጠበቋቸው። የወሎ ሰው ናቸው፤ አል ዓይን ገበያ ውስጥ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ፤ አረብኛቸው ከባለ አገሩ አይተናነስም። ሽማግሌዎቹ ተቃቅፈው ትከሻ ለትከሻ ሰላም ሲባባሉ ዲቦራ ሮጣ ቀድማ ልትገባ አሰበች። አልተሳካላትም፤ ለሽምግልና ሲሆን ጉልበታቸው አያማቸውም።

ናዲን ከቴምሩ ሥር ካለው ጠረጴዛ ተነስታ ዲቦራን ጨበጠች። ከዲቦራ ኋላ ሦስት አዛውንት ተደርድረው ቆመዋል። «አባትሽ ናቸው?» አለቻት አቶ ይልማን እያየች። «ጎረቤቴ ናቸው» አለች ዲቦራ፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ናዲን በእጇ ወንበሮቹን አሳየቻቸው። አልተቀመጡም። አስተናጋጁ ወንበሮቹን ሳብ ሳብ አደረገላቸው። አልተቀመጡም።

አቶ ይልማ ኩታቸውን አስተካከሉና ጀመሩ። «ከሩቅ ነው የመጣን። ዝምድና ፈልገን፣ ፊት ዓይተን፣ ደጅ ጠንተን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል። እኛም ይህቺን ልጃችንን፣ መጽሐፏን ማለቴ ነው፣ ከክንፍሽ ጥላ ሥር ታስገቢልን ዘንድ፣ አንቺም ለእኛ ስትዪ...» ንግግሩ ቀጠለ። ከቴምሩ ላይ አንዲት ወፍ ተነስታ ሄደች። ሲጨርሱ ሁሉም ወደ ሐጂ አደም ዞሩ።

«መጽሐፉን ውሰጂ እያሉ ነው» አሉ ሐጂ አደም በአረብኛ። «እሺ ካላልሽ አይቀመጡም። እኔም አልቀመጥም።»

«እውነት ነው» አሉ አቶ ገብረ ሥላሴ።

ዲቦራ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ብዙ ዓመት የደከመችበት ነገር በኩታና በተረት ዓይኗ እያየ ሲበላሽ ማየት አልቻለችም። በጣቶቿ መሃል አጮልቃ ስታይ ግን ናዲን አልተቆጣችም። አፏን ይዛ ትስቃለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ይኸማ ጃሃ ነው!» አለች። «ዮርዳኖስ፣ ኢርቢድ ከተማ፣ አባቴ ቤት፣ አጎቴን ለመዳር ሽማግሌዎች ሲሄዱ አብሬ ሄጃለሁ። ቡና ሲቀዳላቸው ፊንጃሉን መሬት ያስቀምጡትና ልጅቷን ካልሰጣችሁን አንጠጣም ይላሉ። እዚህ አገር ለእኔ ጃሃ የሚልክ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።» ከዚያ ቀና ብላ «ተቀመጡ፣ አባቶቼ። መጽሐፉን ወድጄዋለሁ። እወስደዋለሁ» አለች።

ተቀመጡ። አቶ ይልማ ዲቦራን በአንድ ዓይናቸው ጠቀሷት። ሐጂ አደም እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ ጀመሩ፤ ለናዲን፣ ለኢርቢድ ሰዎች፣ ለአሳታሚዎች ሁሉ። ቡና መጥቶ በየፊታቸው ተቀመጠ፤ ዱዓው ስላላለቀ ማንም አላነሳውም። ዲቦራ አክስቷ ስትሰማ ምን እንደምትል እያሰበች ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ» አለች ናዲን፣ ዱዓው ሲያልቅ።

ዲቦራ ይቺን «አንድ ነገር ብቻ» ታውቃታለች። ድመቷም የመጣችው በዚሁ በር ነው።

ናዲን ዲቦራ ያመጣችውን የመጽሐፉን ረቂቅ ገልጣ ፋንታዬ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ይቺ ሴት። ዩኒፎርሟ። እኔ አሳታሚዎቼን አውቃቸዋለሁ፤ ይፈራሉ። መጽሐፍ የሚገዛው ወላጅ ነው። ብዙው ወላጅ ቤቱ ውስጥ እንዲህ የለበሰች ሴት አለችው። ማታ ለልጁ ሲያነብለት ልጁ ‹የእኛዋስ አርብ የት ትሄዳለች?› ብሎ እንዲጠይቀው አይፈልግም። ስለዚህ እናት አድርጊያት። ወይም አስጎብኚ። አለዚያ ታሪኩን ወደ አገራችሁ ውሰጂውና ተራራ ይኑርበት።»

«ተራራማ እዚህም አለ» አሉ ሐጂ አደም፣ በእጃቸው ወደ ጀበል ሃፊት እያመለከቱ።

«እውነት ነው» አሉ አቶ ገብረ ሥላሴ።

ዲቦራ ገጹን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። እሺ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሳለች። ዩኒፎርም ወደ ቀሚስ መለወጥ ምን ይከብዳል? ሰማያዊውን ትንሽ አበባ ማልበስ ነው። ናዲንም ክፉ ሰው አይደለችም፤ የምታውቀውን ነው የተናገረችው። ሌላ ወኪል ደግሞ የለም፤ ያሉት ሁሉ ዝም ብለዋል። ፋንታዬም ትረዳለች። ፋንታዬ በዕድሜዋ ያልተረዳችው የሰው ጉዳይ የት አለ?

አቶ ይልማ ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። አቶ ይልማ ግን ዝም አይሉም።

«ልጄ፣ እሺ በያት» አሉ፣ ራሳቸውን ዘንበል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልብስ ምንድን ነው? ይቀየራል። ነገርን ነገር ሳያነሳው እንጨርሰው። ለእኔ ስትይ።»

ያቺ «ለእኔ ስትይ» ዲቦራ ውስጥ የሆነ ነገር ቀሰቀሰች። ሰው ሁሉ ለሰው ሲል እሺ ይላል። ፋንታዬ ለማዳሟ ስትል፣ ለቤተሰቧ ስትል፣ ለሁሉም ስትል እሺ ስትል ኖራለች። አንድ ቀን አንድ ነገር ጠየቀች፤ እንዳትቀይሪኝ አለች።

«አይሆንም» አለች ዲቦራ።

«ምን አልሽ?»

«እምቢ አልኩ፣ ጋሼ። ለእርስዎም ስል እምቢ።»

ሐጂ አደም «ሱብሃነላህ» አሉ። አቶ ይልማ ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሱ፤ አንድ እጃቸው ወገባቸው ላይ ሄደ። አስተናጋጁ ባለበት ቆመ። ጉልበታቸው ዝቅ ማለት ጀመረ። ሊቀ ሽማግሌው መሃል መንገድ ላይ ደርሰው እንደ ልማዳቸው «ኧረ በሞቴ» እስኪባሉ ጠበቁ።

«ይንበርከኩ» አለች ዲቦራ፤ ዓይኗንም አልነቀለችም። «ምንጣፍ የለም፤ ጠጠር ነው። እንዳይጎዱ ይጠንቀቁ።»

አቶ ይልማ እንደዚያው ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ለመውረድ ጠጠሩን ፈሩ፤ ለመነሳት ክብራቸውን። ሐጂ አደም ክንዳቸውን ያዟቸው።

«ጋሼ፣ ይህን መጽሐፍ አንብበውታል?»

«ልጄ፣ ጉዳዩን ያወቀ ሽማግሌ እኮ...»

«ያዳላል። ያዳሉ! አንድ ጊዜ እንኳ ያዳሉ!»

መጽሐፉን ከጠረጴዛው አንስታ እጃቸው ላይ አስቀመጠችው። አቶ ይልማ መልሰው ተቀመጡና መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ሥዕል ሲያዩ ኖረው የማያውቁ ይመስል ገጹን በዝግታ ገለጡ። ልጅቷ ከአውቶቡስ ስትወርድ አዩ። በሩ ላይ የቆመችውን ሰማያዊ ዩኒፎርም አዩ። ቦዩ ውስጥ የገባውን እግር አዩና እዚያ ገጽ ላይ ቆዩ።

«ይቺ ማናት?»

«አክስቴ ናት፤ ፋንታዬ። እዚሁ አል ዓይን ሰው ቤት ትሠራ ነበር።»

«አርብ ነበር የምትወጣው?»

«አርብ ከሰዓት።»

«ጣይቱም የምትወጣው አርብ ነበር» አሉ፤ የሚናገሩት ለሥዕሉ ነበር። «ከአቡ ዳቢ በአውቶቡስ መጥቼ የአሠሪዎቿ በር ላይ እቆማለሁ። ከነዩኒፎርሟ ነበር ሮጣ የምትወጣው። ልብስ ስቀይር ሰዓቱ ያልቃል ትለኛለች።»

ሐጂ አደም ዝቅ ባለ ድምፅ «ሊያገባት ሲል ካፊሏ ጋ ሽማግሌ የሄድሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ይልማ ወገን የሚሆን ሌላ ሰው አልነበረውም። ብቻዬን ሦስት ሰው ሆኜ ሄድሁ። ፀሐዩ ላይ ቆሜ አልቀመጥም አልሁ፤ ሰውዬውም አላስቆየኝም፣ አላህ ይስጠው።»

አቶ ይልማ መጽሐፉን ከደኑት። ዲቦራ ይህን ሰው ለመሸሽ ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ከርማለች። የሰው ጉዳይ ውስጥ ዘለው የሚገቡት ከሥራ ፈትነት ይመስላት ነበር። ወገን አጥቶ በር ላይ የቆመ ሰው መሆናቸውን አሁን አየች፤ አየችና ሰውዬውን ወደደቻቸው፤ መውደድ ብቻ አይደለም፣ አንጀቷን በሉት።

አቶ ይልማ ተነስተው ቆሙ። ሐጂ እንዲተረጉሙላቸው አልጠበቁም፤ በራሳቸው እንግሊዝኛ ነው የተናገሩት፤ ተረትም አልጨመሩበትም።

«ማዳም፣ ይቺን ሴት ከመጽሐፉ አውጡ ማለት ሚስቴን ከቤቴ አስወጣ ማለት ነው። ይቅርታ አድርጊልን፤ ስንመጣ የወንድ ወገን መስሎን ነበር። ለካ የሴት ወገን ነን። ልጅቷ የእኛ ናት። አንሰጥም።»

«ኸላስ፣ አለቀ» አሉ ሐጂ አደም፤ ተነሱ።

«እውነት ነው!» አሉ አቶ ገብረ ሥላሴ፤ ካፌው ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ ዘወር እስኪሉ ድረስ።

አቶ ይልማ ኩታቸውን ከትከሻቸው አወረዱና መጽሐፉን ጠቅልለው አቀፉት። እጅ ነስተው ወጡ፤ ሁለቱ ተከተሏቸው። ናዲን ጠረጴዛው ላይ ሳይነካ የቀረውን ቡና አየች። በአባቷ አገር ሳይጠጣ የቀረ ቡና ምን እንደሆነ ስለምታውቅ አልሳቀችም።

«ዲቦራ፣ ተሳስተሻል አልልሽም» አለች። «ግን እውነቱን ልንገርሽ። ይቺን ሴት ይዘሽ ወኪል የምታገኚ አይመስለኝም።»

ዲቦራ ቦርሳዋን እያነሳች ወደ ውጭ አየች። ከቴምሩ መሃል ባለው መንገድ ሐጂ አደም ከፊት እየሄዱ ጥላ ይመርጣሉ፤ አቶ ገብረ ሥላሴ የተንጠለጠለ ቅጠል በእጃቸው ገፍተው ያሳልፋሉ፤ አቶ ይልማ ያቀፉትን እንዳይነካባቸው ጎንበስ ብለው ያልፋሉ። ደግሞ ድምፃቸው ይሰማል፤ «ለንደን አሳታሚዎቹ ጋ ለሚሄድ ሦስት ሽማግሌ ቪዛ ይሰጣል?» እያሉ ነው።

«ወኪልማ አለኝ» አለች ዲቦራ። «ሦስት ናቸው።»